በኢትዮጵያ ሕዝብ ብሶቱን የገለጠባቸው ልዩ ልዩ መንገዶች

ስለ ሕዝብ ተቃውሞ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ ወደ አሳባችን የሚመጣው አደባባይ የወጣ ሰልፈኛ ወይም ጫካ የገባ ዐመፀኛ ነው። ሰልፍ ያልወጣና ጠመንጃ ያላነሣ ሕዝብ ሁሉ ባለበት ኑሮ ረክቶ የተቀመጠ ይመስለናል። ይህ አስተሳሰብ ምን ያህል የተሳሳተ እንደ ሆነ ለማስረዳት ይህችን አጭር ጽሑፍ ለባልንጀሮቻችንና ለመምህራኖቻችን ማቅረብ ፈለግን። አሳባችን ባጭሩ ይህ ነው፤ ሕዝብ ብሶቱን የሚገልጥበትን መንገድ የሚወስነው የብሶቱ ክብደት ብቻ አይደለም። ብሶቱን የሚሰማለት ማን ነው? ደጁስ ክፍት ነው ወይስ ዝግ? ይህም ጭምር ይወስነዋል። ስለዚህ የተቃውሞውን መልክ ስንመረምር የተበደለውን ሰው ብቻ ሳይሆን የገዥውንም ጠባይ አብረን እንመረምራለን ማለት ነው።

አስቀድሞ ስለ ቃላቱ ጥቂት መናገር ይገባል። ዛሬ በዚህ ነገር የምንሠራባቸው ቃላት አብዛኛዎቹ ትርጉማቸውን የለወጡ ናቸው። «ሰልፍ» በቀድሞው አነጋገር ለጦርነት የተሰለፈ ሠራዊት ነበረ፤ ዛሬ «ሰላማዊ» የሚል ቅጽል ተጨምሮለት ባዶ እጁን የሚሄድ ሕዝብ ሆኗል። «አድማ» ደግሞ በሥውር የሚደረግ የተንኰል ምክር ማለት ነበረ፤ በኋላ ግን ሠራተኛ ሥራ ለማቆም የሚያደርገው ስምምነት ተባለበት። ስማቸው እንኳ ቀድሞ ከጦርና ከሤራ የተወሰደ መሆኑ፣ እነዚህ አዳዲስ መንገዶች ለአገራችን ገዥዎች መጀመሪያ ምን መስለው እንደ ታዩ ያመለክታል። ይልቁንም ከሁሉ የቆየውና ስሙም ሥራውም ያልተለወጠው «አቤቱታ» ስለ ሆነ ከእርሱ እንጀምራለን።

1ኛ/ አቤቱታ

በደል የደረሰበት ሰው አስቀድሞ ወደ ቅርብ ዳኛው፣ ከዚያም ወደ ምስለኔውና ወደ አገረ ገዥው ይሄዳል። እዚያ ያልተሰማለት እንደ ሆነ ስንቁን ቋጥሮ ወደ ንጉሡ ከተማ ይወጣል፤ በአፈ ንጉሡ ፊት፣ በመጨረሻም በንጉሡ ችሎት ይጮኻል። ንጉሡ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ቆሞ «ጃን ሆይ» እያለ የሚጮኸው ባለ ጉዳይ የቤተ መንግሥቱ ዘወትራዊ ገጽታ ነበረ። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ሰው ወራት ምናልባትም ዓመታት ደጅ ይጠናል፤ በዚያ ጊዜ እርሻው ጦም ያድራል፤ ቤተ ሰቡም ይቸገራል። ስለዚህ አቤቱታ ርካሽ መንገድ አልነበረም።

አቤቱታ በውስጡ አንድ የተሰወረ እምነት አለው፤ ይኸውም ንጉሡ ደግ ነው፣ ክፉው ሹሙ ነው የሚል ነው። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው ተረት ይህንኑ ይገልጣል። ባለ ጉዳዩ የሚከሰው ሕጉን ወይም ሥርዓቱን ሳይሆን አንዱን ሹም ነው። ይህ እምነት ለገዥው ትልቅ ጥቅም ነበረው፤ የተጠላውን ሹም በመሻር ብቻ ሥርዓቱን እንደ ነበረ ማቆየት ይቻለው ነበርና። ነገር ግን ለተበዳዩም ቢሆን ጥቅም አልነበረውም ለማለት አይቻልም። ታማኝነቱን ሳያፈርስ በደሉን በአደባባይ የሚናገርበት ሌላ መንገድ አልነበረውም። የአንድ ወረዳ ሰዎች ተሰብስበው ባንድነት አቤት ሲሉ ደግሞ ነገሩ ከልመና አልፎ ወደ ማስፈራራት እንደሚጠጋ ሁለቱም ወገኖች ያውቁት ነበር።

2ኛ/ ቃልና ግዘት

ንጉሥን በፊቱ መውቀስ ከባላገሩ ይልቅ ለመነኮሳት የተፈቀደ ነበረ። ዐፄ ዓምደ ጽዮን (1306–1336 ዓ.ም.) በጋብቻቸው ነገር የቤተ ክርስቲያንን ሥርዓት ተላልፈዋል ብለው ከገሠጿቸው መነኮሳት መካከል የደብረ አስቦው አቡነ ፊልጶስ ይገኙበታል፤ ስለ ተግሣጻቸውም ተግዘው ከደብራቸው ተሰደዋል። የመነኵሴው ኀይል ከዓለም መውጣቱ ነበረ። ርስትና ሹመት የሌለውን ሰው በምን ያስፈራሩታል?

በ17ኛው መቶ ዓመት ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን ሃይማኖት በይፋ በተቀበሉ ጊዜ ይኸው መንገድ ከገዳም ወጥቶ ወደ ሕዝቡ ተስፋፋ። ወለተ ጴጥሮስ የንጉሡ ሹም የነበረውን ባሏን መልክአ ክርስቶስን ትታ መነኰሰች፤ በጣና ዙሪያም ተከታዮችን ሰብስባ አዲሱን ሃይማኖት ተቃወመች፤ በዚህም ምክንያት ለግዞት ተዳረገች። ከሞተች ከ30 ዓመት ያህል በኋላ የተጻፈው ገድሏ አንዲት ሴት ያለ ጦር መሣሪያ፣ እምቢ በማለት ብቻ ምን ማድረግ እንደ ቻለች ያስረዳል። በሌላ ወገን የላስታ ሰዎች በጦር ተነሡ። ንጉሡ በ1624 ዓ.ም. በወይና ደጋ ድል ቢያደርጓቸውም የወደቀው ሬሳ ሁሉ የገዛ ሕዝባቸው ነበረና በዚያው ዓመት የቀድሞውን ሃይማኖት መልሰው መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ከዚህ የምንማረው ዝምተኛው እምቢታና የጦሩ ዐመፅ ተለያይተው የሚሄዱ እንዳልነበሩ ነው፤ አንዱ ሌላውን ይደግፈው ነበር።

ለተራው ባላገር ደግሞ የቀረለት መንገድ ግጥም ነበረ። «እረኛ ምን አለ?» የሚለው ጥያቄ ከጥንት ጀምሮ ሲነገር የመጣው፣ የእረኛው ዘፈን የሕዝቡን ልብ ይገልጣል ተብሎ ስለሚታመን ነው። አዝማሪው በሰምና ወርቅ፣ ደብተራው በቅኔ፣ አልቃሽዋ በሙሾ የተናገሩትን ነገር በችሎት ቢናገሩት ኖሮ ባስቀጣቸው ነበር። ሰሙን ይዞ ወርቁን መካድ ይቻላልና፣ ይህ ስልት ተናጋሪውን ሲጠብቅ ሰሚውን ደግሞ ያስጠነቅቀዋል።

3ኛ/ መሸሽና መሰወር

እስካሁን የተናገርናቸው በቃል የሚገለጡ ናቸው። ከእነርሱ ይልቅ የበዛው ግን ምንም ቃል ያልተነገረበት ተቃውሞ ነው። አሜሪካዊው ጀምስ ስኮት በአንድ የማሌዢያ መንደር የሩዝ ገበሬዎችን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ደካሞች ዘወትር የሚዋጉት ሥራ በማጓተት፣ ባለማወቅ መስለው በመታየት፣ በመሰወርና በሐሜት መሆኑን ገልጠዋል። ይህ ለአገራችን ገበሬ አዲስ ነገር አይደለም።

በቀድሞው ሥርዓት ወታደር ደመወዝ ስላልነበረው በገበሬ ቤት ይመራ ነበር። ገበሬው የራሱን ልጆች ትቶ ወታደሩን ያበላል፣ ፈረሱንም ይቀልባል። ዐፄ ምኒልክ ይህን ችግር ለማቃለል ከምርቱ ከዐሥር አንድ እንዲከፈል አሥራትን ደነገጉ። ገበሬው ግን በወታደሩ ጊዜ እህሉን በጉድጓድ እንደ ቀበረ፣ በአሥራት ገማቹም ጊዜ አዝመራውን አሳንሶ ማሳየቱን አልተወም። ጭነቱ እጅግ የከበደበት ደግሞ ሌሊት ቤቱን ጥሎ ወደ ሌላ ጌታ ግዛት ይሄዳል። መሬት ያለ ሰው ጉልበት ዋጋ ስላልነበረው የገባሩ መኰብለል ለባለ ጕልቱ እውነተኛ ኪሣራ ነበረ። በእነዚህ ሥራዎች ውስጥ መሪም፣ ስብሰባም፣ መፈክርም የለም። ስለዚህ በዜና መዋዕል አይጻፉም፤ የገዥውን ጎተራ ግን ያጎድላሉ።

4ኛ/ ሽፍትነት

ሽፍትነት በአገራችን ከተራ ውንብድና የተለየ ክብር ነበረው። ሰው ሸፈተ ሲባል ብዙውን ጊዜ ፍርድ ተጓደለብኝ፣ ርስቴን ተነጠቅሁ ወይም ክብሬ ተነካ ብሎ ነው። እንግሊዛዊው የታሪክ ሊቅ ኤሪክ ሆብስባውም በብዙ አገሮች ለድኻው የሚቆረቆር፣ ድኻውም የሚሸሽገው «ማኅበራዊ ሽፍታ» እንደ ነበረ ጽፈዋል። ይህን አሳብ በኢትዮጵያ ላይ ያለ ምርመራ መጫን ግን አይገባም። የ19ኛውን መቶ ዓመት የመረመሩት ዶናልድ ክረሚ እንዳሳዩት በአገራችን ሽፍትነት ይበልጡን የመኳንንት መንገድ ነበረ። ካሣ ኃይሉ በቋራ ሸፍተው ኖረው በ1847 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ፤ የትግሬው ካሣ ምርጫም አስቀድመው ሸፍተው በኋላ ዐፄ ዮሐንስ ሆኑ። ያልነገሠውም ሽፍታ ቢሆን ድንጋይ ተሸክሞ ሲገባ ምሕረት፣ አንዳንድ ጊዜም ሹመት ያገኝ ነበር።

ስለዚህ ሽፍትነት ሥርዓቱን ለማፍረስ ሳይሆን በሥርዓቱ ውስጥ የተሻለ ስፍራ ለማግኘት የሚያገለግል ድርድር ነበረ ማለት ይቻላል። ሽፍታው የሚቀለበው በገበሬው እህል ነበርና፣ ለገበሬው አንዳንዴ መከታ፣ አንዳንዴም ሌላ ወታደር ነበረ።

5ኛ/ ግብር እምቢ ማለት፤ የ1960 ዓ.ም. የጎጃም ዐመፅ

ከዚህ በላይ የዘረዘርናቸው መንገዶች እንዴት አንዱ ከሌላው ጋራ እንደሚያያዙ ለማየት ከጎጃም ገበሬዎች ዐመፅ የተሻለ ምሳሌ አናገኝም።

የጎጃምን ነገር ለመረዳት አስቀድሞ ርስትን መረዳት ያስፈልጋል። በጎጃም አንድ ሰው መሬት የሚያገኘው መሬቱን መጀመሪያ ያቀናውን አባት በአባቱም በእናቱም በኩል ቆጥሮ ነው። ስለዚህ ርስት የዘር ሁሉ እንጂ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም፤ አይሸጥም፣ ባለቤቱም በቁርጥ መጠኑ የታወቀ አይደለም። በደቡቡ የአገራችን ክፍል ግን ነገሩ ሌላ ነበረ። በዚያ መሬት በቃላድ ተለክቶ በጋሻ ተቈጥሮ ብዙው ለመንግሥት፣ ለሹማምንትና ለወታደር ተሰጠ፤ ነባሩም ገበሬ በገዛ መሬቱ ጭሰኛ ሆነ። በጎጃም ገበሬ ዘንድ «ቃላድ» ማለት የመለኪያ ገመድ ብቻ ሳይሆን የርስት መጨረሻ ማለት ሆኖ የተቆጠረው በዚህ ምክንያት ነው።

ከጠላት ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. የወጣው ድንጋጌ ለአንድ ጋሻ ለም መሬት 15 ብር፣ ለም ጠፍ ለሆነው 10 ብር፣ ለጠፍ 5 ብር እንዲከፈል አዘዘ። ገንዘቡ ብዙ አልነበረም፤ በጋሻ ለመክፈል ግን በጋሻ መለካት ያስፈልጋል። የጎጃም ሰዎች እምቢ አሉ፤ መንግሥትም ልኬቱን ትቶ በቀድሞው ልማድ እንዲከፍሉ ተስማማ። ስለዚህ ገበሬው ከዚያ ጀምሮ አንድ ነገር ተማረ፤ ይኸውም በአንድነት እምቢ ከተባለ መንግሥት ወደ ኋላ ሊል እንደሚችል ነው።

በኅዳር 1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። አዋጁ የቆየውን አሥራት አስቀርቶ በምትኩ እያንዳንዱ ሰው ከእርሻ በሚያገኘው ገቢ ልክ፣ ብዙ ያለው ብዙ እንዲከፍል የሚያደርግ ነበረ። በወረቀት ላይ ሲታይ ለድኻው ገበሬ የተሻለ ሕግ ነው ለማለት ይቻላል። በትምህርት ቤት ለተቀመጥን ሰዎች አስቸጋሪው ጥያቄም ይኸው ነው፤ ለድኻ የተሻለውን ሕግ ድኻው ስለ ምን በጠመንጃ ተቃወመው?

መልሱ ከሕጉ ቃል ይልቅ ሕጉን ይዞ በመጣው ሰው ዘንድ ይገኛል። ገቢን ለመገመት ገማች ኮሚቴ ወደ ማሳው መግባት ነበረበት። ገበሬው ግን ገማቹ ዛሬ አዝመራውን ቢጽፍ ነገ መሬቱን ይለካል ብሎ ጠረጠረ። በዚያን ጊዜ የጠቅላይ ግዛቱ እንደ ራሴ በነበሩት በደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቍ ሥላሴ አስተዳደር ላይ ደግሞ ብዙ ቅሬታ ተከማችቶ ነበር። የጦር መሣሪያ እንዲመዘገብ መታዘዙም ትጥቅ ሊያስፈታን ነው የሚል ፍርሃት አሳደረ። ከዚያ በላይ የሹማምንቱ ጉቦ ነበረ። በአሥራትም ሆነ በአዲሱ ግብር ለመንግሥት ከሚገባው ይልቅ በመንገድ የሚቀረው እንደሚበዛ ገበሬው ከልምድ ያውቃል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ያወጣው ሕዝብ አዲስ ግብር ሲታወጅለት አዲስ የመብያ በር እንደ ተከፈተ ቢቆጥረው አያስደንቅም።

ሂደቱን በቅደም ተከተል ስንመለከተው ከላይ የተናገርናቸውን መንገዶች አንድ በአንድ እናገኛቸዋለን። መጀመሪያ አቤቱታ ቀረበ። ለጠቅላይ ግዛቱም ለማዕከላዊ መንግሥትም አዋጁ እንዲቀርና እንደ ራሴው እንዲነሡ ተለመነ። ቀጥሎ ገበሬዎች ገማቾች ወደ አገራቸው እንዳይገቡ ከለከሉ፤ ተጠሩ ሲባልም ሳይመጡ ቀሩ። ይህም ሳይበቃ ሲቀር በየስፍራው የጎበዝ አለቃ እየመረጡ ተማምለው ታጠቁ። በሞጣ፣ በቢቸና፣ በዳሞትና በባሕር ዳር አካባቢ ከፖሊስና ከጦር ሠራዊት ጋራ ተዋጉ። መንግሥት በ1960 ዓ.ም. ክረምት አይሮፕላን ልኮ መንደሮችን አስደበደበ።

ፍጻሜው ግን ከጦርነቱ ውጤት የተለየ ሆነ። ደጃዝማች ፀሐዩ ከጎጃም ተነሥተው ወደ ከፋ ተዛወሩ። በሚቀጥለው ዓመት በ1961 ዓ.ም. በጎጃም ለብዙ ዓመታት ሳይከፈል የቆየው ውዝፍ ግብር በምሕረት ተሠረዘ፤ የአዲሱም ግብር አሰባሰብ በዚያ ጠቅላይ ግዛት ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። ገበሬዎቹ በጦር ሜዳ ሳያሸንፉ የፈለጉትን አብዛኛውን አገኙ። ያላገኙትን ነገር ደግሞ አልጠየቁም። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ይውረዱ አላሉም፤ ከሌላ ጠቅላይ ግዛት ገበሬዎች ጋራም አልተባበሩም። ጠመንጃ ይዘው እንኳ የተናገሩት የአቤቱታን ቋንቋ ነበረ፤ ንጉሡ ደግ ናቸው፣ ሹሙ ክፉ ነው የሚለውን።

ገብሩ ታረቀ የ1935ን የትግራይ፣ የባሌንና የጎጃምን ዐመፆች ባነጻጸሩበት መጽሐፍ እንደ ተገለጠው የእያንዳንዱ አገር ዐመፅ የየራሱ ሥር ነበረው። በትግራይ በብላታ ኃይለ ማርያም ረዳ የተመራው የወያኔ ዐመፅ በሹማምንት በደል የተነሣ ሆኖ፣ በ1936 ዓ.ም. መጀመሪያ የእንግሊዝ አይሮፕላኖች ከኤደን ተነሥተው መቀሌን እስከ መደብደብ ደርሷል። በባሌ በዋቆ ጉቱ ከተመሩት ዐመፀኞች ዘንድ የመሬት ነጠቃና የግብር በደል ከሃይማኖትና ከብሔረ ሰብ ጭቆና ጋራ ተጋጥሞ ነበር፤ ዋቆ ጉቱም እስከ 1962 ዓ.ም. ድረስ እጃቸውን አልሰጡም። በጎጃም ግን ገበሬው የተዋጋው ያጣውን መሬት ለማስመለስ ሳይሆን በእጁ ያለውን እንዳያጣ ነበር።

6ኛ/ አድማና ሰላማዊ ሰልፍ

በከተማ የተነሣው ተቃውሞ ከዚህ ሁሉ በአንድ ነገር ይለያል፤ ሰዎቹን የሚያሰባስባቸው ዘርና አገር ሳይሆን ሥራ ነው። በ1955 ዓ.ም. የሠራተኞች ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ተቋቋመ። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ ወደ ፓርላማ ተሰለፉ። ሰልፍን የሚገድብ አዋጅ በ1959 ዓ.ም. ሲወጣም ያንኑ አዋጅ ተቃውመው ተነሡ።

እዚህ ላይ ተማሪ የሆንን ሁሉ ልናስብበት የሚገባ ነገር አለ። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲው የተነሣው ሁከት መነሻው የልብስ ሞድ ትርኢት ነበረ። በዚያው ሰሞን የጎጃም ገበሬ ከገማቾችና ከፖሊስ ጋራ ይፋጠጥ ነበር። ሁለቱ ተቃዋሚዎች የአንድ መንግሥት ተቃዋሚዎች ሲሆኑ አልተገናኙም። የተማሪው መፈክር «መሬት ለአራሹ» ነበረ፤ የጎጃሙ ባለ ርስት ግን አራሽም ባለ መሬትም ስለ ነበረ መፈክሩ የእርሱን ብሶት አይናገርለትም ነበር። መፈክሩ ለደቡቡ ጭሰኛ እውነት ነበረ፤ ለገበሬ ሁሉ ግን አንድ ዐይነት ብሶት እንዳለው አድርጎ ማሰብ ስሕተት ነበረ። ስለ ሕዝብ መናገርና ሕዝብን መስማት ሁለት ልዩ ልዩ ሥራዎች መሆናቸውን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ነገር የለም።

በ1966 ዓ.ም. ግን ተለያይተው የነበሩት መንገዶች ባንድ ወቅት ተገጣጠሙ። በጥር በነገሌ የሚገኙ ወታደሮች ስለ ምግብና ውሃ አድመው አዛዦቻቸውን ያዙ። በየካቲት የቤንዚን ዋጋ በመጨመሩ የታክሲ ነጂዎች፣ በትምህርት ለውጡ ዕቅድ ምክንያት መምህራን ሥራ አቆሙ። በወሩ መጨረሻ የሠራተኞቹ ኮንፌዴሬሽን ለአራት ቀን የቆየ ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ አደረገ። በሚያዝያ 12 ቀን ሙስሊሞች ስለ ሃይማኖታቸው እኩልነት በአዲስ አበባ ታላቅ ሰልፍ ወጡ። እያንዳንዱ ያቀረበው ጥያቄ የራሱ ነበረ፤ ነገር ግን ሁሉ ባንድ ጊዜ ስለ መጣ፣ አንዱን ሹም ሽሮ ሌላውን ማባበል የሚባለው የቆየ መድኃኒት ሳይሠራ ቀረ። በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ወታደራዊው መንግሥት የገጠርን መሬት ሁሉ የሕዝብ ያደረገውን አዋጅ ሲያወጣ፣ የጭሰኛው ሸክም ወረደ፤ የጎጃም ገበሬ በ1960 የተዋጋለት ርስትም በዚያው አዋጅ ቀረ።

መደምደሚያ

ከዚህ ሁሉ ሦስት ነገሮችን እናስተውላለን። አንደኛ፣ ሕዝብ ከልመና ወደ ዐመፅ የሚያልፈው በአንድ ቀን አይደለም፤ ከዚያ በፊት ብዙ ጊዜ ጮኾ፣ ገጥሞ፣ ሸሽቶ፣ ሰውሮ ያያል። ስለዚህ ዐመፅ በድንገት ተነሣ የሚል ጽሑፍ ስናገኝ፣ ድንገተኛው ነገር የገዥው መስማት እንጂ የሕዝቡ ብሶት እንዳልነበረ መጠርጠር ይገባናል። ሁለተኛ፣ ለሕዝብ ይጠቅማል የተባለ ሕግ እንኳ ባልታመነ እጅ ሲመጣ እንደ በደል ይቆጠራል። ሦስተኛ፣ ዝምታ መስማማት አይደለም።

እንግዲህ ለወደ ፊቱ በዚህ ነገር ላይ የሚመራመር ባልንጀራችን የነገሥታቱን ዜና መዋዕል ብቻ ሳይሆን፣ በየወረዳው ግምጃ ቤት የሚገኘውን የግብር መዝገብ፣ በየፍርድ ቤቱ የተከማቸውን የክርክር ወረቀትና የአቤቱታ ማመልከቻ ቢመረምር ብዙ ያገኛል። በማመልከቻው ግርጌ ስማቸውን በጣት አሻራ ያተሙት ሰዎች ታሪካቸውን የሚጽፍላቸው አላገኙም፤ የደረሰባቸውን በደል ግን በራሳቸው ቃል አስጽፈውታል።